አሜን ያልኩበት እርግዝና

ሰው ሲዋሽ ቢያንስ አስቦበት ነው። እኔ ግን ሳላስበው፣ አንድ የታክሲ ሰልፍ ላይ እንደቆምኩ የስድስት ወር እርጉዝ ሆንኩ።

የምሠራው ካዛንቺስ፣ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ውስጥ ነው። ድሮ የምኖረውም እዚያው ነበር። ሰፈራችን ፈርሶ ከእናቴ ጋር ወሎ ሰፈር ቤት ከተከራየን ወዲህ ግን ከሥራ ስወጣ በኡራኤል በኩል የሚሄድ ታክሲ እሰለፋለሁ። ያን ቀን ሰልፉ ሕንፃውን ዞሮ ሄዷል። ከፊቴ አርባ ሰው ይኖራል። ቦርሳዬን ሆዴ ላይ አስደግፌ ቆሜያለሁ። ከኋላዬ ነጠላ ያጣፉ አንዲት እናት ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ እንዲህ ሆነሽ ትቆሚያለሽ እንዴ?»

እንዴት እንደሆንኩ ለመጠየቅ ፋታ አልሰጡኝም። እጄን ይዘው ወደ ፊት ጎተቱኝ። «አሳልፉን እባካችሁ! እርጉዝ ናት! ምን ዓይነት ዘመን ላይ ደረስን፣ እርጉዝ ይሰለፋል?»

«አይ እማማ፣ እኔ እኮ…» ማለት ጀምሬ ነበር። ሰልፉ እንደ መጋረጃ ተከፈለ። ተራ አስከባሪው ራሱ የጋቢናውን በር ከፈተልኝ። ሾፌሩ ትራሱን አውጥቶ ከወገቤ በኩል አደረገልኝ። በሕይወቴ ወንድ እንዲህ ተንከባክቦኝ አያውቅም። ምን ልበል? ተቀመጥኩ።

እኚያ እናት ከጎኔ ገቡ። «ስንተኛ ወርሽ ነው?»

«ስድስተኛ» አልኩ። ቁጥሩን ከየት እንዳመጣሁት እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ማርያም በሽልም ታውጣሽ።»

«አሜን» አልኩ፤ ለምርቃት ሌላ መልስ አላውቅም።

ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ባል የለኝም። እጮኛም የለኝም። ያለኝ ፒሲኦኤስ የሚሉት የሆርሞን ሕመም ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የወር አበባዬ አራት ወር ሙሉ ጠፍቶ ሲቀር ነው የማህፀን ሐኪም ዘንድ የሄድኩት። ዶክተሯ ጠና ያሉ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የሚያንጠለጥሉ ሴት ናቸው። በአልትራሳውንድ አይተው፣ እንቁላሎቼ በየወሩ በስለው መውጣት ሲገባቸው ሳይበስሉ ባሉበት እንደሚቀሩ አስረዱኝ። ወረዳ ፊርማ የሚጠብቅ ሰው ታየኝ፤ ሁሉም ተደርድሮ ተቀምጧል፣ የሚስተናገድ ግን የለም። ሰውነቴ ኢንሱሊንን በደንብ ስለማይጠቀምበት ውፍረቱም፣ አገጬ ላይ የሚበቅለው ፀጉርም ከዚያው ጋር የተያያዘ ነው አሉኝ። ስለ ፀጉሩ ስሰማ እፎይ ነው ያልኩት። እስከዚያ ድረስ በአባቴ ወገን የወረደ እርግማን ይመስለኝ ነበር። ዛሬም ቦርሳዬ ውስጥ ከሊፕስቲክ ይልቅ ቶሎ የሚገኘው ወረንጦ ነው።

ሁለት ክኒን አዘዙልኝ። አንደኛዋ ሜትፎርሚን ናት፤ የስኳር ሕመምተኞች የሚወስዷት፣ ጠዋትና ማታ ከምግብ ጋር የምትዋጥ። ሁለተኛዋ የፀጉሩ ናት። እሷ ለደም ግፊትም ትሰጣለች፣ ሽንትም ታበዛለች።

«ይቺን እየወሰድሽ ማርገዝ የለብሽም» አሉኝ፤ ጠበቅ አድርገው።

«ዶክተር፣ ለእሱ እኮ ሁለት ሰው ያስፈልጋል» አልኳቸው።

አልሳቁም። ካርዴ ላይ ጻፉት።

ክኒኖቹን በሥርዓት ስወስድ ቆየሁ። ችግሩ የመጣው ታናሽ እህቴ ስታገባ ነው። ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ተቆረጠ። እኔ ታላቋ ነኝ፤ ሰው ሁሉ ከሙሽራዋ ቀጥሎ የሚያየው እኔን ነው። ምናልባትም ከሙሽራዋ በፊት፤ ቦታ የምይዘው እኔ ነኝና።

ከጾሙ በፊት ቀሚስ ለማሰፋት ወደ ልብስ ሰፊው ሄድኩ። ሱቁ ኡራኤል አካባቢ ነው፤ እናቴን ለሃያ ዓመት ያለበሰ ሰው ነው። ሜትሩን ወገቤ ላይ ሲያዞር ሆዴን ወደ ውስጥ ስቤ ትንፋሼን ያዝኩ። እሱም ሜትሩን እንደያዘ ቆመ። እኔም ቆምኩ። ተፋጠጥን።

«እህቴ» አለኝ በመጨረሻ፣ «ተንፍሺ እንጂ። በሠርጉ ቀን አትተነፍሺም እንዴ?»

«እስከዚያ እቀንሳለሁ። ከልኩ አሥር ሳንቲም ቀንስና ስፋው።»

«አሥር?»

«አሥር።»

ልብስ ሰፊው ሃያ ዓመት ሙሉ የሴቶችን ዕቅድ ሲሰማ የኖረ ሰው ነው። አሥር ብሎ ጻፈ። ኋላ እንደገባኝ ግን ጎንና ጎኑ ላይ ብዙ ጨርቅ አትርፎ ነው የሰፋው።

አሁን መቀነስ ነው የቀረው። ሁዳዴ ሲገባ ደስ አለኝ። ሰው ሁሉ በጾም ይከሳል፤ እኔ ግን በየዓመቱ ሁዳዴን ሦስት ኪሎ ጨምሬ ነው የምፈታው። ምክንያቱም ሥጋና ቅቤ ስተው የምተካው በዳቦ፣ በፓስታና በሳምቡሳ ነው። በሕጉ መሠረት ጿሚ ነኝ፤ በሚዛኑ መሠረት ግን ጉድ ነኝ። ዘንድሮ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ ሳልቀምስ ልቆይ ወሰንኩ። እናቴ «ልጄ ወደ እግዚአብሔር ተመለሰች» ብላ ለጎረቤት ተናገረች። እግዚአብሔር ግን ወዴት እየተመለስኩ እንደሆነ ያውቅ ነበር፤ ወደ ቀሚሱ።

ይህ አልበቃኝም። ከእኔ ክፍል ፊት ለፊት የምትሠራ ባልደረባ አለችኝ፤ የሰው ሀብት ክፍል ናት፣ ጓደኛዬም ናት። ዱባይ የምትመላለስ ዘመድ አለቻት። አንድ ቀን በሩን ዘጋችና ከመሳቢያዋ አረንጓዴ ካርቶን አወጣች።

«ሻይ ነው» አለችኝ። «በቃ ስትተኚ አንድ ፍሬ ትነክሪያለሽ። ናቹራል ነው። እኔ በሳምንት ሁለት ኪሎ።»

«መድኃኒት እወስዳለሁ እኮ። አይጣላም?»

«ቅጠል ነው እያልኩሽ! ቅጠል ከማን ጋር ይጣላል?»

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው በማላውቀው ቋንቋ ነው። ቀጭን ወገብ ያላት ሴት ሥዕል ግን አለበት፤ እሷ ገባችኝ። ዶክተሯን መጠየቅ አላሰብኩም ማለት አልችልም። አስቤ ነው የተውኩት፤ አትጠጪ እንደሚሉኝ ስለማውቅ።

እንዲህ ሆኖ ኑሮዬ ተጀመረ። ጠዋት ሁለቱንም ክኒኖች በአንድ ጉንጭ ውኃ፣ እናቴ እንዳታይ መታጠቢያ ቤት ገብቼ በባዶ ሆዴ እውጣለሁ። ሜትፎርሚን በባዶ ሆድ ምን እንደምታደርግ የቀመሰ ያውቃል፤ እስከ አራት ሰዓት ከሽንት ቤት አልርቅም። ሁለተኛዋም የድርሻዋን ታደርጋለች። የተረፈውን ሻዩ ጠርጎ ይወስደዋል። ቢሮ ውስጥ ፋይል ፈላጊ ሲመጣ «የት ሄደች?» ሲል፣ «መጣች» ሲባል፣ መጣሁ ስል፣ ተመልሼ ስሄድ ነው የምውለው።

ግን ቀነስኩ! በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለት ኪሎ ተኩል ወረደ። ሚዛኑ ላይ ወጥቼ እህቴን ጠርቼ አሳየኋት። ከንፈሬ ተሰነጣጥቋል፣ ከወንበር ስነሳ ግድግዳው ይዞራል። ይህንን የስኬት ምልክት አድርጌ ወሰድኩት።

በዚህ መሀል እርግዝናዬ ቀጥሏል። ማፈሬን አልደብቅም፤ ያኔ ግን አላፈርኩም። ሰልፉ ሲረዝም እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ትንሽ ወደ ኋላ መለጠጥ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ተራ አስከባሪው ከሩቅ ያየኝና «እናት፣ ነይ እለፊ!» ይላል። ጧፍ የመሰሉ ሽማግሌዎች ቆመው እኔ ጋቢና እገባለሁ። አንዳንዴ ነጠላ ያጣፉትን እናት አገኛቸዋለሁ። «ይራገጣል?» ይሉኛል። «ማታ ማታ» እላለሁ። ሆዴ በሻዩ ምክንያት ማታ ማታ የሚያሰማውን ለሚያውቅ፣ ይህ ፍጹም ውሸት አልነበረም። አንድ ቀን ግን ትክ ብለው አዩኝና «ምነው ሆድሽ ቀነሰብኝ?» አሉ። ደስ ልበል ወይስ ልደንግጥ? የምከሳው ለቀሚሱ ነው፤ ከከሳሁ ደግሞ ጽንሱ አላድግ አለ ማለት ነው። በአንድ ሆድ ለሁለት ጌታ ማደር እንዴት እንደሚከብድ ያኔ ገባኝ።

የጾሙ እኩሌታ አልፎ፣ በአንድ የሚያቃጥል ቀን፣ ከሰልፉ ፊት ደርሼ የታክሲውን በር ልይዝ እጄን ዘረጋሁ። በሩ ሸሸኝ። ሁለተኛ ዘረጋሁ። ከዚያ የማስታውሰው ሰማይና የተራ አስከባሪውን አፍንጫ ነው።

«እርጉዟ ወደቀች!» ሲባል እሰማለሁ። ካዛንቺስ ሁሉ የተሰበሰበ መሰለኝ። አንዱ ውኃ ይረጭብኛል፣ አንዷ እግሯን አንሱላት ትላለች። ያ ሁሉ ሰልፈኛ ታክሲውን ለእኔ ብቻ ለቀቀ። እኚያ እናት ጭንቅላቴን እቅፋቸው ውስጥ አድርገው «ማርያም፣ ማርያም፣ ሁለት ነፍስ ናት» እያሉ ኡራኤል አጠገብ ካለ አንድ ክሊኒክ አደረሱኝ።

ነርሷ የደም ግፊቴን ለካች። ፊቷ ተለወጠ። «በጣም ወርዷል። ስንት ሳምንትሽ ነው?»

«የለም» አልኩ በደከመ ድምፅ።

«ምኑ ነው የሌለው?»

«ልጁ።»

እኚያ እናት ከመጋረጃው ውጪ ሆነው ይሰሙ ነበር። «ወይኔ!» ብለው ደረታቸውን ሲመቱ ሰማሁ። «ወይኔ ልጄን! የስድስት ወር!» ለቅሶው ሲጀምር እንደዚያ አልጋ የጠበበኝ ነገር የለም። ሌላ ሰው ደርሶ ድንኳን ከመጣሉ በፊት መናገር ነበረብኝ።

«እማማ!» ብዬ ጮህኩ። «ልጅ አልነበረም! ውፍረት ነው!»

መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ገቡ። ሆዴን አዩት፣ ፊቴን አዩት።

«እና እኔ ስመርቅሽ አሜን ያልሽው?»

«ምርቃት ስለሆነ ነው፣ እማማ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ምርቃት ተመልሶ አይወሰድም» አሉ። «ቀኑ ሲደርስ ይሁንልሽ። እስከዚያ ግን እንደ ሰው ተሰለፊ።» ወጡ። እንዲህ በእርጋታ ተሰድቤ አላውቅም።

ነርሷ ሳቋን ውጣ እጄ ላይ ግሉኮስ ሰካችልኝ። የምወስደውን መድኃኒት ጠየቀችኝ። ሁለቱን ክኒኖች ነገርኳት። «ሌላስ?» ስትለኝ «ምንም» አልኩ። አንዱን ውሸት ገና ከመናዘዜ ሁለተኛውን ጀመርኩ። የመዝገብ ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ሥዕሏን ብቻ አይቼ ሻይ ጠጣሁ ማለት አፈርኩ።

በማግስቱ ወደ ዶክተሯ ስሄድ እናቴ አብራኝ ካልሄድኩ አለች። ፌስታል ይዛለች፤ ብርቱካን መስሎኝ ነበር።

ዶክተሯ የነርሷን ወረቀት አነበቡ። «ተቅማጥ ነበረሽ?»

«ትንሽ።»

«ሌላ የምትወስጂው አለ?»

«የለም፣ ዶክተር።»

«አለ» አለች እናቴ። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። አረንጓዴው ካርቶን ወጣ። የሽፈራው ዱቄቴ ወጣ። የጥቁር አዝሙድ ዘይቴ፣ ግማሽ የደረሰው የአፕል ኮምጣጤ፣ ምን እንደሆነ እኔም የረሳሁት አንድ ብልቃጥ። ከአልጋዬ ሥር ጠርጋ ነው ያመጣችው።

ዶክተሯ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው ዕቃውን ሰልፍ አስያዙት። «ይሄን ሁሉ ባንድ ላይ?»

«በየተራ ነው።»

«ሆድሽ ውስጥ ተራ አስከባሪ አለ እንዴ?»

እናቴ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ ተራ አስከባሪ የሚለው ቃል ያመኝ ጀምሮ ነበር።

ዶክተሯ ካርቶኑን አገላብጠው አነበቡት። ቋንቋውን እሳቸውም አያውቁትም፤ የአንዱን ቅጠል የሳይንስ ስም ግን አገኙት። «ይሄ የሚያስቀምጥ ቅጠል ነው። ሌላ ያልተጻፈ ነገር ይኑርበት አይኑርበት እግዜር ይወቅ። የቀነስሽው ሁለት ኪሎ ተኩል ስብ አይደለም፤ ውኃ ነው። ሽንት የምታበዛ ክኒን እየወሰድሽ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳትጠጪ፣ ማታ በሻይ ደግሞ የቀረውን ታወጫለሽ። ግፊትሽ ባይወርድ ነው የሚገርመው። ኩላሊትሽና የደምሽ ጨው እንዴት እንደሆነ አሁኑኑ እናያለን።»

ደነገጥኩ። «እንግዲያው ክኒኖቹን ላቁማቸው?»

«ማን አቁሚ አለሽ? ሰው ዘንድ ሁለት በሽታ አለ፤ ሳይጠይቁ መጀመርና ሳይጠይቁ ማቆም። አንዱን ይዞሻል፣ ሁለተኛውን አትጨምሪ።» የፀጉሩን ክኒን የደም ውጤቱ እስኪመጣ እንድተዋት፣ ሜትፎርሚንንም ተቅማጡ ቆሞ መብላት ስጀምር ከምግብ ጋር እንድቀጥል ነገሩኝ። «ወደፊትም ሲያስመልስሽ ወይም ሲያስቀምጥሽ ዝም ብለሽ አትዋጪ፤ ደውይ። አዲስ ነገር፣ ቅጠልም ቢሆን፣ መጀመሪያ እዚህ ይምጣ።»

«ሠርጉ ግን…» አልኩ። እንዲህም ሆኜ ሠርጉ አልወጣልኝም።

ዶክተሯ እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ። «ስንት መቀነስ ነው የምትፈልጊው?»

«ሃያ ኪሎ።»

«በስንት ጊዜ?»

«በአራት ሳምንት።»

እናቴን አዩዋት። እናቴ ጣሪያውን አየች። «ስሚኝ» አሉ ዶክተሯ፣ ድምፃቸው ለስልሶ። «ይሄ ሕመም ክብደት መቀነስን ከባድ ያደርገዋል፤ ሰነፍ ስለሆንሽ አይደለም። ግን ከክብደትሽ ጥቂቱ ብቻ ቢወርድ የወር አበባሽም ሊስተካከል ይችላል። ጥቂቱ። ቀስ ብሎ።»

«ሰነፍ ስለሆንሽ አይደለም» ያሉኝን ስሰማ ዓይኔ እንባ ሞላ። ለማንም እንዳይታይ ሽፈራውን አነሳሁና ማንበብ ጀመርኩ።

የደም ውጤቱ በጥቂት ቀናት ደረሰ፤ ኩላሊቴ ደህና ነበር፣ የተዛባው ጨውም ስበላና ስጠጣ ተስተካከለ። ኋላ የፀጉሩን ክኒን በትንሽ መጠን መልሰው አስጀመሩኝ። የቀረው የጾሙ ነገር ነበር። እናቴ በዚህ ጉዳይ ዶክተር አትሰማም። የንስሐ አባታችን ዘንድ ይዛኝ ሄደች።

«አባ፣ ሐኪም ጠዋት ብዪ ብሏታል። በሁዳዴ!» አለቻቸው።

«ምን ይሉታል መድኃኒቱን?» አሉኝ።

ስሙን ስነግራቸው ካባቸውን ገልጠው ኪሳቸው ውስጥ ዳበሱ። ሲያወጡት ያው የእኔ ክኒን ነው፤ ያው ማሸጊያ። «የስኳር ነው የእኔ» አሉ። «በባዶ ሆድ ሞክሬው ቅዳሴ መሀል ወጥቼ ሮጫለሁ። አይሞከርም፣ ልጄ። ሰዓቱን ፈትቼልሻለሁ። ከሥጋና ከቅቤ ጹሚ፣ ውኃሽን ጠጪ።» እናቴ አፏን ከፍታ ቀረች።

ያኔ የታክሲውን ነገር ነገርኳቸው። ሲሰሙኝ ጺማቸው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ሽማግሌ አስነስተሽ ጋቢና?» አሉ። «አዎ፣ አባ።» «ስንት ቀን?» «ወደ ሃያ ቀን ይሆናል።» አቅምሽ ሲመለስ ብለው ስግደት ሰጡኝ፤ ሃያ ቀን፣ በየቀኑ ሃያ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ሰግጄ ስነሳ ጉልበቴ ከሠርጉ ከበሮ በላይ ጮኸ። እናቴ ከጎኔ ሆና «ለሆድም ጥሩ ነው» አለችኝ። በዚህ ዓይነት ንስሐዬ ስፖርት ሆነ።

ሠርጉ ደረሰ። ቀሚሱ አልገባም ማለት ትንሽ ነው፤ ትከሻዬ ላይ ቆሞ ወደ ታች አልወርድም አለ። ልብስ ሰፊው ግን ሳይገረም መቀሱን አነሳ። ያተረፈውን ጨርቅ ለቀቀው፣ ጎንና ጎኑ ላይ ሰፊ ጥለት አስገባበት። አክስቴ በሠርጉ ላይ ዙሪያዬን ዞራ አየችኝና «ይሄ አዲስ ዲዛይን ነው? የት አሰፋሽ?» አለችኝ። አድራሻውን ሰጠኋት። ቀኑን ሙሉ ተነፈስኩ፤ ጨፈርኩም።

ከዚያ በኋላ ያለው ለማውራት የሚመች አይደለም፤ ምክንያቱም ምንም አልሆነም። ጠዋት ቁርስ በላሁ። የምሳ እንጀራዬን ግማሽ አድርጌ ጎመኑንና ምስሩን አበዛሁ። ሻዬ ውስጥ የምጨምረውን ሦስት ማንኪያ ስኳር ወደ አንድ አወረድኩ፤ ከዚያም ለመተው ስሞክር ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሰው ጋር ስጣላ ከረምኩ። ሻዩን ያመጣችልኝ ጓደኛዬ ጉዴን ስትሰማ ፊቷ አመድ መሰለ። «እኔም እኮ የሚያስቀምጠኝ የቢሮው ምግብ መስሎኝ» አለች። ካርቶኑን ጣለችና ከምሳ በኋላ አብረን እንድንራመድ ሐሳብ አመጣች።

የካዛንቺስ መንገድ ሰፊ ሆኖ ተሠርቷል፤ በየቦታው መቀመጫ አለው። ለእኛ ይህ ጥሩ አልነበረም። በመጀመሪያው ቀን መጀመሪያው መቀመጫ ላይ አረፍን። ሁለተኛውም ላይ አረፍን። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ የምሳ ሰዓት አለቀና በታክሲ ተመለስን። በሁለተኛው ሳምንት የድሮ ቤታችን የነበረበትን ቦታ አልፈን፣ ሳንቀመጥ ተመለስን። «ኩሽናችን እዚህ ጋ ነበር» ስላት «በቃ፣ ስለ ኩሽና አታውሪ» አለችኝ። ሰኔ ሲገባ ዝናቡ አቋረጠን፤ በቢሮው ደረጃ መውጣትና መውረድ ጀመርን። ጥበቃው «ምን ጠፋባችሁ?» ይለን ነበር።

ሐምሌ ላይ ዶክተሯ መዘኑኝ። ከሻዩ በፊት ከነበርኩበት አራት ኪሎ ወርዷል። ከክሊኒኩ ወጥቼ ለእናቴ ደወልኩ።

«እማ፣ አራት ኪሎ!»

«አራት ኪሎ ምን ልትሠሪ ሄድሽ? ዶክተር ጋ አልነበር ቀጠሮሽ?»

«ቀነስኩ ነው የምልሽ!»

«እኔ ደግሞ…» አለች፣ ከዚያ ሳቀች። «ስድስት ኪሎም ቅርብ ናት፤ በርቺ። ዳገቱን ግን ቀስ እያልሽ።»

ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ የክፍላችን ስብሰባ መሀል፣ ወገቤን አንድ የማውቀው ሕመም ቆረጥ አደረገኝ። መጀመሪያ አላመንኩትም። ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ። የወር አበባዬ ነበር፤ ወራት ጠፍቶ ከርሞ፣ ማምጫ ክኒን ሳልወስድ፣ ማንም ሳያዘው፣ ራሱ መጣ። ሽንት ቤት ውስጥ ብቻዬን እልል ልል አፌን ከፍቼ በእጄ ያዝኩት። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ እንኳ እንዲህ ደስ አላለኝም፤ ያኔ ለሁለት ቀን ነው ያለቀስኩት።

ጓደኛዬ ክፍል ሮጬ ገባሁ። «ሞዴስ አለሽ?»

«አለኝ። ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምትስቂው?»

«መጣ!»

አቀፈችኝ። ለጉዳይ የመጡ ሁለት ሰዎች ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዩናል። አንደኛው «እንኳን ደስ አላችሁ» አለን። «እናመሰግናለን» አልነው፤ ምኑን እንደሆነ አልጠየቀም፣ እኛም አልነገርነውም።

ከዚያ ለእናቴ ደወልኩ። «እማ፣ መጣ!»

«ማን? ባል?»

«ባል አይደለም። የወር አበባዬ።»

እናቴ ስለዚህ ነገር በስልክ አውርታ አታውቅም። «ተመስገን» አለች ቀስ ብላ። «ትኩስ ነገር ጠጪ። ክኒንሽን ከቁርስ ጋር ውጠሻል?»

ውጫለሁ አልኳት። እውነቴን ነበር። ከዚያ ወደ ስብሰባው ተመለስኩ፤ አለቃችን ስላልተመለሱ ፋይሎች እየተቆጣ ነበር፣ እኔም እየተቆጣኝ መሆኑን ረስቼ ፈገግ ብዬ ሰማሁት።